ከጋቢው ሥር ጂንስ

እኔ ድሬድ ያሳደግኩት ሬጌ ስለምዘፍን ነው። ይኸው ነው! ስእለት የለብኝም፤ ገዳምም አልገባሁም። ግን በዘጠና አምስት ጥር ለእህቴ ለአልጣሽ ሠርግ ሰቆጣ ስደርስ፣ ገና ከአውቶቡሱ ሳልወርድ አንዲት እናት «ይፍቱኝ አባ» ብለው እግሬ ላይ ተደፉ። ቀዳዳ ጂንሴን እንኳ አላዩትም።

ሊቀበሉኝ የመጡት አባቴ ግን አይተውታል። ጋቢያቸውን አውልቀው እስከ ቁርጭምጭሚቴ አለበሱኝ።

«ስማ እንግዳው» አሉኝ፣ ወደ ቀያችን ወደ ጋዝጊብላ ስንሄድ። «የሙሽራው አባት አቶ ደግሰው አዝማሪ ከሚዛመዳቸው ሞታቸውን ይመርጣሉ። ልጄ ባሕታዊ ነው ብያቸዋለሁ። ዝም ብለህ መርቅ።»

«አባባ፣ እኔ እኮ ልዘፍንላት ነው የመጣሁት!»

«ከዘፈንክ ቤቴን አትረግጣትም።»

ደሜ ፈላ። በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ያወጣሁትን ሬጌ ለማን ልዘፍነው ነው ታዲያ? ልጅ ሆነን «ድምፅህ ያምራል» ያለችኝ አልጣሽ ብቻ ናት። ቢሆንም ሠርጓን ሳላይ እንዳልባረር ብዬ ዋጥ አደረግኩት።

በሠርጉ ቀን ዳሱ ጢም ብሏል። ጋቢዬን ተከናንቤ ጥግ ተቀመጥኩ። አቶ ደግሰው ሰዉን እየሰነጠቁ መጡና፣ ያን የሚያህሉ ሽማግሌ፣ ፊቴ ተንበረከኩ።

«ይፍቱኝ አባ። ልጆቹንም ይባርኩልኝ።»

አባቴ በዓይናቸው ይለምኑኛል። እንዴት ተደርጎ! በእግዜር ስም ልዋሽ? ያውም በአልጣሽ ትዳር ላይ? ብድግ አልኩና ጋቢውን ወረወርኩት። ቀዳዳው ጂንስ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ ቀበቶ፣ ሁሉም ታየ።

«ይነሡ አባቴ፣ ባሕታዊ አይደለሁም። ዘፋኝ ነኝ።»

«ለአዝማሪ አንበረከካችሁኝ!» ብለው ጮኹ አቶ ደግሰው።

«ውጣ!» አሉኝ አባቴ። «ልጄ አይደለህም!»

አልለመንኩም። ከተባረርኩ ወዲያ ምን ቀረኝ! ደጅ ቆሜ ድምፄን ለቀቅኩት።

አልጣሽ ካባዋን ሰብስባ ብቅ አለች። «ወንድሜ የተባረረበት ዳስ ውስጥ አልቀመጥም!» አለች፣ ሁሉም እየሰማ። ሙሽራው ጌታሰው አባቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ተከትሏት ወጣ። ሚዜዎቹ ወጡ፤ ከበሮ መቺዋ ወጣች፤ ሰዉ ጠላውን እንደያዘ ወጣ። በሬጌዬ እስክስታ ይወርዱበት ጀመር። ይውረዱበት፣ ማን ከልክሏቸው!

ዳሱ ውስጥ ሁለቱ አባቶች ብቻ ቀሩ። አባቴ ወጥተው ቢሰሙኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አልወጡም። እኔም አላቆምኩም።