ከወረፋው ያመለጠችው ገጽ

እሑድ አቶ ዕንባቆም እናኑን ሊያገቡ ስለሆነ፣ ኤልሳ ለሠርጉ የሚሆን ዘፈን በቢሮ ኮምፒውተሯ ጻፈች። ሙሽራውን አለቃዋን የሚነካካ ዘፈን ነው፤ ሙሽራ ያልተነካካበት ምን ሠርግ አለ።

ለማተም ስታዝ ፕሪንተሩ ዝም አለ። ደጋግማ አዘዘች። አሁንም ዝም። የመረጠችው የአቶ ዕንባቆም ክፍል ውስጥ ያለውን ፕሪንተር መሆኑን ያየችው ያን ጊዜ ነው። ወረቀት አልቆበት ባይሆን ኖሮ እስካሁን እጃቸው ገብቶ ነበር።

ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጣ፣ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች የምታስተዳድረው ሃጂራ ዘንድ ገባች።

«ሃጂዬ፣ አጥፊልኝ።»

«ምኑን?»

ሹክ አለቻት። ሃጂራ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ የኅትመት ወረፋውን ከፈተች። የኤልሳ ዘፈን ተደርድሯል፤ ከኋላው የሌሎች ሠራተኞች ፋይሎች ተኮልኩለዋል። ሰርዝ ስትለው «በመሰረዝ ላይ» ይልና እዚያው ይቀራል።

«አቶ ዕንባቆም ወረቀት ይዘው ገቡ» አለች ኤልሳ ወደ ኮሪደሩ አንገቷን አስግጋ።

«እንግዲያው ኅትመቱን አቁሜ ወረፋውን እንዳለ ባዶ ላድርገው። የሁሉም ሰው ፋይል ይጠፋል።»

«ይጥፋ።»

ሃጂራን ግን ሳቁ የይለፍ ቃሉን አላስጽፍ አላት። በተሳሳተች ቁጥር ኤልሳ ትንፈቀፈቃለች፤ የእሷ ሳቅ ደግሞ ሃጂራን እንደገና ያሳስታታል። በመጨረሻ ገባች፤ ሁሉንም አጠፋች፤ ኅትመቱን አስነሣች። ወረፋው ባዶ ሆነ።

ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ ከአለቃው ክፍል የፕሪንተር ድምፅ ተሰማ። አንዷ ገጽ ቀድማ ፕሪንተሩ ውስጥ ገብታ ኖሯል።

አቶ ዕንባቆም ወረቀቷን ይዘው መጡና ጮክ ብለው አነበቡ፦

«ደብዳቤ ሲፈርም ወር የሚፈጅበት፣
ለእናኑ ሲሆን ግን ፈረመ በድንገት።»

ኤልሳ ጠረጴዛው ሥር መግባት አማራት።

«ወር አይፈጅብኝም» አሉ ቅር ብሏቸው። «ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው።»

ሃጂራ ፈነዳች። ኤልሳ ተከተለች። አቶ ዕንባቆምም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኛ ክንዱ ሪፖርቱ የት እንደገባ ሊጠይቅ ቢመጣ፣ አንዳቸውም መናገር አቅቷቸው ወረቀቷን ሰጡት። አነበበና እሱም በሳቅ በሩን ተደግፎ ቀረ።

«በል፣ ሪፖርትህን እንደገና ላከው» አሉት አቶ ዕንባቆም ሲረጋጉ። ወደ ኤልሳ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ አማቶቼንም አስገቢበት። ከእንፍራንዝ ድረስ መጥተው ሳይነካኩ ይመለሱ?»

ኤልሳ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ሁለተኛውን ግጥም ጀመረች። ክንዱ ሪፖርቱን ረስቶ ከኋላዋ ቆሞ ቤት መምቻ ያቀብላታል።