እርስዎ እንደጻፉት

ክፍሉ የጨለመው ሆን ተብሎ ነው፤ የሚያበሩ ሴሎች በደማቅ መብራት ደህና አይታዩም። ለፕሮፌሰሩ ግኝት ሽልማት ሊሰጡ የመጡ ሦስት እንግዶች ከበው ቆመዋል። ፕሮፌሰሩ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክሎ ቀረ። ለስንት ጊዜ? የቤተ ሙከራ ረዳቱ ላቦራንቷ እንደምትምለው ከሆነ፣ ጢሙ አድጎ ደረቱ ላይ እስኪደርስ።

«ምንም የለም» አለ በመጨረሻ።

ላቦራንቷ በሩ አጠገብ፣ እጇን ጋውኗ ኪስ ከታ ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴል ውስጥ ያለ ጂን ሁሉ እኩል አይነቃም፤ አንዱን ተነስ፣ ሌላውን አርፈህ ተኛ የሚል ፕሮቲን አለ። ፕሮፌሰሩ «ትራንስክሪፕሽን ፋክተር» ይለዋል፤ እሷ «ቀስቃሹ»። ይሄኛው ቀስቃሽ ግን ራሱ እንቅልፋም ነው፤ አንዲት የሆርሞን ጠብታ ካልቀመሰ ሴሉን የሚያበራው ጂን አጠገብ ድርሽ አይልም። ይህን ለማወቅ ሰባት ዓመት ፈጅቶባታል። ፕሮፌሰሩ ፎቶዎቹን ከኮምፒውተሯ፣ አሠራሩን ከአሮጌ ደብተሯ ገልብጦ በራሱ ስም ብቻ አሳተመው። የጠብታዋ ነገር የተጻፈው ግን አዲሱ ደብተሯ ላይ ነበር። በእጁ ሴል ነክቶ ስለማያውቅ መጉደሏ አልታየውም።

«ልጅት፣ ምን አድርገሽ ነው?» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«እርስዎ እንደጻፉት ነዋ! ቃል በቃል። አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም።»

አንዷ እንግዳ ሳቋን በሳል ሸፈነች። «ታዲያ ፎቶው ላይ ያበሩት ሴሎች የማን ናቸው?»

ፕሮፌሰሩ የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ማዞር ጀመረ። ላቦራንቷ ይህችን ደቂቃ ስንት ወር በሐሳቧ ስታጣጥማት ኖራለች፤ ስትደርስባት ግን ያሰበችውን ያህል አልጣፈጠችም። ገና ይቀራታል።

ከማሞቂያው ሳጥን ሌላ ሳህን አወጣች፤ ከትናንት ጀምሮ ጠብታዋን ያቀመሰችው ነው። ክዳኑን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ሳህኑን ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠች። እንግዳዋ ጎንበስ አለች።

«ውይ! ሜዳ ሙሉ አረንጓዴ!»

ፕሮፌሰሩ ወደ ላቦራንቷ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ አታዋርጂኝ።»

«የሠራውን ሰው ስም ይንገሯቸው። ሌላ አልፈልግም።»

ወደ እንግዶቹ ዞሮ አፉን ከፈተ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለእሱ «ልጅት» ብቻ ነበረች፤ ስሟን አያውቀውም። ዓይኑ ወደ ሳህኑ ክዳን ሮጠ፤ ስሟ እዚያ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል። በጨለማው ግን አንዲት ፊደል እንኳ አልታይ አለችው።

እንግዶቹ ይጠብቃሉ። ላቦራንቷ ወደ በሩ ተመልሳለች፤ ጣቷ የመብራቱ ማብሪያ ላይ አርፏል፤ ግን አልተጫነችውም።