ዘውዱ በተደፋባት ቅጽበት

እናቴ ወርቅውሃ ዳሌዋ ተሰብሮ ከተኛች አራት ወር ሞልቷት ነበር። የታናሽ እኅቴ የእየሩሳሌም ተክሊል በደረሰበት ሳምንት ከእኔ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አዳራሹም ኬኩም ይቅርብኝ፤ ቄሱ ዘውዱን ሲደፉላት ግን ፊቷን አሳየኝ።» ሃያ ዓመት የአቃቂን ሰው ሠርግና ክርስትና በፎቶ ሳነሣ ለኖርሁት ለእኔ ይህ ምን ይከብዳል?

ሆኖም እንቅልፍ ነሣኝ። አሮጌው ካሜራዬ በኅዳር ወር ስለ ሞተ፣ ልጆቹ «ሚረርለስ» የሚሉትን መስታወት የለሽ ካሜራ ገዝቻለሁ። ሌንሴ ግን የቀድሞው ነው፤ ያውም ካሜራውን የሠራው ሳይሆን የሌላ ድርጅት ምርት። ሁለቱን ባዕዳን የሚያስታርቃቸው በመካከላቸው የሚገባ ቀለበት፣ አዳፕተር ነው። ዕቃውን ያመጣልኝ ከሊል፣ ቃሊቲ ባቡሩ ከሚያበቃበት አጠገብ ባለው ሱቁ በር ላይ አቁሞ፣ በጠራራ ፀሐይ የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች አስነሣኝ። ሁሉም ጥርት ብለው ወጡ።

«ጨለማ ውስጥስ?» አልሁት።

«አንተማ ጋሼ፣ ሚስት ስታገባም ዋራንቲ ትጠይቃለህ!» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያም ካሜራውን ተቀብሎ ሶፍትዌሩን አደሰልኝ። «አሁን እንደ ቅቤ ነው የሚሄድልህ።»

ከታደሰ በኋላ ደግሜ አልሞከርሁትም።

እሑድ ማለዳ ደብሩ ለአንድ ካሜራ ብቻ ፈቀደ፤ ስልክ ተከለከለ። ከሙሽሮቹ አራት እርምጃ ርቄ ቆምሁ። በጧፉ ብርሃን ሌንሱ የእኅቴን ፊት ሊይዝ ይጠጋና፣ የፈራ ይመስል አፈግፍጎ ይለቀዋል፤ እንደገና ይጠጋል፣ እንደገና ይለቃል። የሞተሩ ሲርሲርታ በጸሎቱ መካከል ለእኔ እንደ ጩኸት ይሰማኝ ነበር። ድንገት ስክሪኑ ላይ፣ ሌንሱ ካሜራው ላይ እያለ፣ «ሌንስ አልተገጠመም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ነቀልሁት፤ የቀለበቱን የነሐስ ጥርሶች በነጠላዬ ጫፍ ወልውዬ መለስሁት። ቄሱ ዘውዱን አነሡ። ሌንሱ ፊቷን መያዙን የሚያሳየው አረንጓዴ ሣጥን ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም አለ። ተጫንሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቀጭ አለ።

ያን ጊዜ ሙያዬ ከአፌ ቀድሞ ተናገረ። በእኛ ሥራ ሁሉ ነገር ይደገማል፤ ቀለበት ማሰሩ፣ ኬክ ቆረሳው፣ የወላጅ ስሞሽ እንኳ ለካሜራ ሲባል እንደ አዲስ ይፈጸማል።

«አባ፣ አንዴ ይድገሙልኝ!»

ምእመናኑ ዞሩ። ቄሱ አልዞሩም። ዲያቆኑ ክርኔን ጨበጠና፣ «ይኼ አዳራሽ መሰለህ እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ። ያነሣኋትን ብቸኛ ፎቶ አየሁ፤ ነጭ ጉም፣ በጉሙም ውስጥ የወርቅ ጭላንጭል።

ቅዳሴው አብቅቶ ወደ ግቢው ስንወጣ አንደኛው ሚዜ በዛብህ ጭንቀቴን አይቶ ሳቀ። «ጋሽ ተስፋ፣ ዘውዱን እኔ ከፍ አድርጌ ልያዝላትና ፎቶ አንሣት! እትዬ ወርቅውሃ በምን ያውቃሉ?» ፀሐዩ ላይ ሌንሱ እንደ ጨዋ ልጅ ታዘዘኝ። የእኅቴ ሽፋሽፍት ሳይቀር ተቈጠረ።

ከአዳራሹ በፊት ወደ እናቴ በረርሁ። ካሜራውን ተቀብላ ስክሪኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«የቄሱ እጅ የታለ? ይኼ የኮት እጅጌ ነው።»

መዋሸት አቃተኝ፤ ጉሙን አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አይዞህ፤ ማሽን ነው፣ ይሳሳታል» አለች። «አንተ ግን አጠገቧ ነበርህ። ንገረኝ እስቲ፤ አለቀሰች? ወይስ ከንፈሯን ነከሰች?»

አእምሮዬን ዳበስሁ። ብልጭ ድርግም ከሚል አረንጓዴ ሣጥንና ከነሐስ ጥርሶች በቀር ያገኘሁት ነገር አልነበረም። እኅቴ ስትከብር አራት እርምጃ ርቄ ቆሜ፣ ከአልጋዋ መነሣት ካልቻለችው ሴት የተሻለ ያየሁት አልነበረም።

«አላየሁም፣ እማ።»

አልተቈጣችም። ካሜራውን ትራሷ ሥር ሸጎጠችው።

«በል ሂድ። ሲጨፍሩ ቆመህ እያቸውና መጥተህ ትነግረኛለህ።»

«እማ፣ ፎቶውንስ ማን ያነሣል?»

«ዛሬ ስልክ የሌለው ሰው አለ እንዴ? ሂድ አልሁህ።»

ወጣሁ። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ እጆቼን የማደርግበት አጣሁ።