መርፌ ሲወፍር

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «መርፌ» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት አባቴ ዘንድ ልብስ ስፌት ሊማር በመጣ ጊዜ ነው። ያኔ እውነትም መርፌ ነበር፤ ንፋስ እንዳይወስደው የሚያሰጋ። ዛሬ የስፌት መኪናው ፊት ሲቀመጥ ወንበሩ ይጮኻል፣ ስሙ ግን እንዳለ ነው።

የልጃችን የሠርግ ቀን ሲቆረጥ መርፌ ከቁም ሳጥኑ አንድ ሙሉ ልብስ አወጣ። እኛ ስንጋባ የለበሰው ነው። አባቴ በእጁ የሰፋው የመጨረሻ ልብስም እሱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመርና መቀስ አላነሳም።

«ልጄን የምድራት ይቺን ለብሼ ነው» አለና ሞከረው። ሱሪው ጭኑ ላይ ቆመ። የኮቱ ቁልፍና ቀዳዳው ተኮራርፈው ቀሩ።

«አምጣ፣ ጎንና ጎኑን ለቀቅ ላድርግልህ» አልኩት። የሰው ልብስ ስናጠብና ስንለቅ አይደል የኖርነው!

«የጋሼን ስፌት? በጭራሽ!» አለ። እኛ ቤት ተማሪ የአስተማሪውን ስፌት አይፈታም። አባቴ የሰፋውን ልብስ ደንበኛ ይዞ ሲመጣ እንኳ መርፌ ሌላ ሱቅ ነው የሚልከው።

እንግዲህ ልብሱ ካልሰፋ ሆዱ ይጥበብ። ምክር ፍለጋ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄደ። «ፕሮፌሰር» ነው የምንለው፤ ፀጉር ከመቁረጥ በቀር የማያውቀው ነገር የለም።

«ስብ የሚቀልጠው በላብ ነው» አለው ፕሮፌሰር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ባሌ ሆዱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ጠዋት በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውሃ። ማታ እራት የለም፤ ከመሸ የተበላ ሁሉ ስብ ነው ተብሏል። በሱቁ ወለል ላይ በጀርባው ተጋድሞ ወገቡን ሲያጥፍ ደንበኞች ተሻግረውት ይገባሉ። ካላበው በኋላ ሚዛን ላይ ይወጣና «ቀነስኩ!» ብሎ ይፈነድቃል። ውሃ ሲጠጣ ኪሎው ይመለሳል። ስለዚህ ውሃም ተወ። እኔ ብናገር ብናገር ጆሮ ዳባ ልበስ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካውያ ይዞ እንደቆመ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወረደ። ክው አልኩ። ደግነቱ ሙሽራዋ ልጃችን ነርስ ናት፤ ቤት ነበረች። አስተኝታ እግሩን ከፍ አደረገችለት፣ ሲነቃ በትንሽ በትንሹ ውሃ አጠጣችው።

«አባዬ፣ በላብ የወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም» አለችው። «ሆድን ብቻ መርጦ የሚያጠፋ ስፖርትም የለም። ሎሚው ደግሞ ያው ሎሚ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«እራትህን በልክ ብላ፣ ውሃህን ጠጣ፣ ከእማዬ ጋር በእግርህ ሂድ። ደግሞ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፤ ለሠርጉ አይደርስም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እኔ አባት አላውቅም» አለ። «ሙሽራ ስሆን ያለበሰኝ ጋሼ ነው። እሱን ሳልይዝ እንዴት ብዬ ልዳርሽ?»

አንጀቴን በላው። እንቅልፍ ሲወስደው ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና መቀሱን አነሳሁ። ስፌቱን መፍታት የተከለከለው ተማሪ ነው፤ ልጅ አይደለችም።

የኮቱን ገበር ከፍቼ በጎኑ በኩል እጄን ሰደድኩ። ማንኛውም ሰፊ ትንሽ ጨርቅ ይተዋል፤ ይኼ ግን ታጥፎ ታጥፎ አያልቅም! ዘረጋሁት። ከስፌቱ ወጣ ብሎ፣ ከብብት እስከ ታች፣ በነጭ ክር ሌላ መስመር ተመትቷል። አባቴ ልብስ ውስጥ ክር ረስቶ አያውቅም። ሱሪውን ገለበጥኩት፤ እዚያም ወገቡ ላይ ነጩ ክር አለ። ሰውየው ሲወፍር የት ላይ እንደሚሰፋ ምልክት ትቶለት ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ሳቅሁም።

ባሌን ቀሰቀስኩት። ነጩን ክር በጣቱ ከላይ እስከ ታች ተከተለው። የቀረውን ስፌት በገዛ እጁ ፈታ፣ መኪናው ፊት ተቀመጠና አባቴ ባሰመረለት ላይ ሰፋ። ያን ቀን እራቱን በላ። ከማግስቱ ጀምሮ ደግሞ ሱቁን ስንዘጋ በእግራችን ዞር ዞር ማለት ጀመርን፤ ፕሮፌሰርም አንዳንዴ እያለከለከ ይከተለናል።

የሠርጉ ዕለት መርፌ ኮቱን ለበሰ። ቁልፉን ያዝኩለት፤ ቀዳዳው ውስጥ ገባ፣ ታረቁ።

«መርፌ ብሎ ስም ያወጣልኝ እሱ ራሱ!» አለ መስታወቱን እያየ። «እንደምወፍር በምን አወቀ?»

«እኔ ዘንድ እንደሚደላህ ያውቅ ነበራ!»

ከት ብሎ ሲስቅ ቁልፉ ተወጠረ። ቶሎ ብዬ ሆዱን በእጄ ያዝኩ።

«ቀስ ብለህ ሳቅ!» አልኩት። «ሦስተኛ መስመር አልተወልህም።»