የዑሙልኸይር ምላጭ

ጭሮ ውስጥ ዋግምት የሚሠሩ ሞልተዋል፤ እንደ ዑሙልኸይር ያለች ግን የለችም። ይህን የምትለው ራሷ ዑሙልኸይር ናት፤ ደግሞም እውነቷን ነው። ሴቶች ከሂርናም ከመቻራም በሚኒባስ ተሳፍረው ይመጡላታል። ጓንት ሳታጠልቅ ሰው አትነካም። ወረቀቱ ያልተቀደደ የራሷን ምላጭ ይዛ ያልመጣች ሴት፣ የሹም ሚስት ብትሆንም እንደመጣች ትመለሳለች።

እንግዲህ ይህችን ኩሩ ሴት ነው የሂርናዋ ጫት ነጋዴ ሀሊማ የከሰሰቻት። ሀሊማ እሷ ዘንድ ጀርባዋን በተበጣች በወራት ውስጥ ታመመችና ስትመረመር የጉበት ቫይረስ ተገኘባት። «ዑሙልኸይር ናት ያስያዘችኝ!» ብላ የሂርናን ገበያ አናወጠችው። ዑሙልኸይርም ተመረመረች። ወይ ጉድ! ቫይረሱ እሷም ላይ አለ፤ ሳታውቀው ተሸክማው ኖራለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይስማት? ደጇ ጭር አለ። ከተፈረደባት ደግሞ እስር ቤት ትወርዳለች።

የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ አብዱልቃዲር ሊያስታርቁ መጡ።

«ልጄ፣ ሳላውቅ አጥፍቻለሁ በይ። ሀሊማ አቤቱታዋን ትተዋለች፤ ዱዓ አድርገን እንዘጋዋለን።»

«ሼህ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ያልበላሁትን ዕዳ ግን አልከፍልም። እጄን አውቀዋለሁ!»

«ኩራትሽ ነው የሚያሳስርሽ!»

«ታስሬም እኮራለሁ!» አለች። ሼሁ ሲወጡ ግን በሩን ዘግታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ፈርታ ነበር።

ለችሎቱ መላ ያመጣው ለሥራ ተመድቦ ጭሮ የከረመው የላቦራቶሪ ባለሙያ ፍፁም ነው። «ቫይረስም ዘር አለው» አለ። «ከሰው ወደ ሰው ሲሻገር ዘረመሉ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል እንጂ ዘመዱን አይክድም። የሁለቱ ይነጻጸር፤ ከሀሊማ ቤተሰብ የተያዘ ካለም አብሮ ይታይ።» ችሎቱ ፈቀደ። የሀሊማ እናት ኡምኩልሱምም ቫይረሱ ስለተገኘባቸው የሦስቱም ደም አዲስ አበባ ተላከ።

ውጤቱ የተነበበው በዝግ ችሎት ነው። የዑሙልኸይር ቫይረስ የሌላ ዘር ነው፤ ከሀሊማው ጋር አይገናኝም። የሀሊማውና የእናቷ ግን የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

«ታዲያ ከእናቷ ነው የያዛት?» ሲሉ ዳኛው ጠየቁ።

«ማን ለማን እንደሰጠ ዘረመሉ ብቻውን አይናገርም» አለ ፍፁም። «በወሊድ መተላለፉ ግን የተለመደ ነው። ከዑሙልኸይር እንዳልመጣ ደግሞ አረጋግጣለሁ።»

ዑሙልኸይር በነፃ ተለቀቀች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሻሿን አስተካክላ በጭሮ አስፋልት መሐል ለመሐል ሄደች። ባጃጁ ሁሉ ቆሞ ያሳልፋት! አልሐምዱሊላህ፣ እጇ አላፈረም።

ሼሁ ፈረዱ፤ ስሟ የጠፋው ሂርና ገበያ ላይ ስለሆነ ሀሊማ እውነቱን ተናግራ እዚያው ትመልሰው አሉ። ገበያተኛው ተሰበሰበ። ሀሊማ መሐል ቆመች፤ እናቷ ከጫት እስሮቹ ኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተሸሽገዋል።

«ወገኖቼ፣ በሽታው የመጣብኝ… የመጣብኝ ከ…» አለችና ወደ እናቷ ዞራ አየች።

ዑሙልኸይር አሮጊቷን አየቻቸው። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝታዋለች! የሀሊማን ውርደት በዓይኗ ልታይ ነበር የመጣችው።

«በቃ!» አለች ጮክ ብላ። «ከዑሙልኸይር አይደለም በይ። ሌላው የማንም ጉዳይ አይደለም!»

«ከዑሙልኸይር አይደለም» አለች ሀሊማ። «ዋሽቼባታለሁ፤ አፉ በሉኝ።»

በሳምንቱ የዑሙልኸይር በር ተንኳኳ። ከፈተች። ኡምኩልሱም ብቻቸውን፣ ከሂርና በሚኒባስ መጥተው ቆመዋል። መዳፋቸውን ዘረጉላት።

አዲስ ምላጭ ነው። ዑሙልኸይር አንስታ አገላበጠችው፤ ወረቀቱ አልተቀደደም።

«ይግቡ፣ እናቴ» አለች።