«ደርሷል» የሚለው ምልክት

«ከሰዓት በኋላ ከሚላከው መልእክት በፊት ይህን የደንበኞች ዝርዝር አጽጂልኝ» አለ ባለሱቁ ጠረጴዛዋ ላይ ተደግፎ። «አቁሙ ያሉንን ሰዎች አሁንም እየነዘነዝናቸው ነው አሉ። ካላረምን መልእክት የምንልክበትን የሱቁን ስም ሊዘጉት ነው።»

ማስጠንቀቂያው የመጣው ውጭ አገር ካለ የስልክ ድርጅት ነው። ሱቁ ጫማ ወደዚያ ይሸጣል፤ እሷ ደግሞ ለደንበኞቹ በስልክ አጭር መልእክት ትልካለች። ደንቡን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች፦ ላልፈቀደ ሰው አይላክም፣ በተቀባዩ አገር ሳይነጋ አይላክም፣ አቁሙ ያለ ወዲያው ይሰረዛል። ግን ሥራ ሲበዛባት መልሶቹን ማንበብ ትታ፣ ለጻፈ ሁሉ የመልእክት መላኪያው ማሽን ራሱ «ስለጻፉልን እናመሰግናለን» እንዲል አድርጋ ነበር። ከአንገት በላይ ምስጋና መሆኑ ነው።

መልሶቹን ከፍታ አቁሙ ያሉትን እየሰረዘች ስትወርድ የወንድሟ ቁጥር ላይ ደረሰች።

ታላቅ ወንድሟ የሚኖረው እዚያው አገር ነው፤ የሱቁን መልእክት የምትልከው እሷ መሆኗን ያውቃል። መልእክቱ በትክክል መድረሱን ለማየት ስትል የሱን ቁጥር ከደንበኞቹ ጋር አስገብታዋለች። ወንድም ነው ብላ ፈቃዱን እንኳ አልጠየቀችም፤ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። የራሷ ስልክ ከጠፋባት ወዲህ አዲሱን ቁጥሯን ልትሰጠው ዛሬ ነገ ስትል ከርማለች። እናታቸው ስለ ልጃቸው ሲጠይቋት ግን «ደህና ነው፣ እማዬ» ትላቸዋለች። ከቁጥሩ አጠገብ «ደርሷል» የሚል ምልክት ስለምታይ ውሸት አይመስላትም ነበር።

የመጀመሪያውን መልሱን አነበበች።

«ደርሶኛል፣ እህትዓለም። ግን ያለኝ እግር ሁለት ነው፤ በየሳምንቱ ይህን ሁሉ ጫማ ምን ላድርገው?»

ሳቋ መጣ። ከሥሩ ማሽኑ አመስግኖታል።

«ምነው እንደ ባዳ አመሰገንሽኝ? የድሮው ስልክሽ አይሠራም። ድምፅሽን አሰሚኝ እንጂ።»

ማሽኑ አሁንም አመስግኖታል።

«ሆስፒታል ገብቻለሁ፤ ነገ ቀዶ ጥገና አለኝ። ለእማዬ አትንገሪያት። አንቺ ግን ደውዪልኝ።»

ለዚህም «ስለጻፉልን እናመሰግናለን» ተብሎ ተመልሶለታል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቷል። የመጨረሻው መልሱ እንዲህ ይላል፦

«ተሽሎኝ ቤቴ ገብቻለሁ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሷ ናት ብዬ ከአልጋዬ እነሳለሁ። እባካችሁ፣ አቁሙ።»

ለእሷ ሳይሆን ለሱቁ ነበር የጻፈው። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ሲጠብቃት፣ እሷ ያችን ምልክት እያየች ለእናቷ ደህና ነው ስትል ነበር። ቆጫት። እንባዋ እንዳይታይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አለቀ?» አለ ባለሱቁ።

«አንድ ሰው ቀርቶኛል።»

«ሰርዢውና ላኪ እንጂ። አንድ ደንበኛ ቢጎድል ሱቁ አይፈርስም።»

የወንድሟን ቁጥር ሰረዘች። ወዲያው የራሷን ስልክ አውጥታ ያንኑ ቁጥር ጻፈች። ጣቷ መደወያው ላይ ሲደርስ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ደንበኞችን ከእንቅልፍ እንዳይቀሰቅሱ በዚያ አገር ሰዓት ሞልታ የሰቀለችው ራሷ ናት። እዚያ ገና አልነጋም። ሕመምተኛ ነው፤ ስልኩ ከጮኸ ደግሞ ተነሥቶ ይቀመጣል።

ጣቷን አነሣችና ጻፈች። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ይህ የራሴ ስልክ ነው። ልደውልልህ ትፈቅድልኛለህ?»

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ባለሱቁ።

«እዚያ እስኪነጋ።»

ለወንድሟ ጽፋ ያልላከችውን መልእክት ፊቷ አስቀምጣ፣ ወንበሯን ወደ ሰዓቱ አዞረች።