አራተኛው የሳንቲም ምትሃት

ልጄ ዌስሊ ስምንት ዓመት ሊሞላው ሲል የባሌ አባት ኦርቪል ታገርት ወጥ ቤቴ ገብቶ፣ እንደምን ዋልሽ እንኳ ሳይል ጠረጴዛዬ ላይ ሳንቲሞች ደረደረ። ኦርቪል በኢንዲያና ገጠር ባለችው ትንሽ ከተማችን የታወቀ የሳንቲም ሰው ነው። ሌላው ምትሃተኛ ርግብ ያወጣል፣ ገመድ ይቆርጣል፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ከሳንቲም በቀር ሌላ ነክቶ አያውቅም። ባሌን ዴልን ይህ ነገር በልጅነቱ እንደ ጉንፋን ይዞት ለቀቀው። ስለዚህ የሽማግሌው ተስፋ ሁሉ በልጅ ልጁ ላይ ወደቀ።

"ለጀማሪ ልጅ የሚሆኑ አራት ይዣለሁ" አለኝ። "አንቺ ምረጪ፣ እናቱ ነሽ።"

"ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው እኔ የምጠየቀው?"

"ባለፈው ካርታ መጫወት ሳስተምረው ስለጮኽሽብኝ ነዋ።"

እውነቱን ነው፣ ጮኼበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጄን ሳያስፈቅደኝ ምንም እንዳያስተምረው ተስማምተን ነበር።

አንድ በአንድ አሳየኝ። አንደኛው ሳንቲሙን ከቀኝ እጅ ወደ ግራ ያስተላለፉ መስሎ በቀኝ ማስቀረት ነው። ሁለተኛው ሳንቲሙን ክርን ላይ እያሹ "ቆዳዬ ውስጥ ገባ" ማለት ነው፤ ልጅ ቢሳሳትና ሳንቲሙ ቢወድቅበት እንኳ ችግር የለውም፣ ጭራሽ ዘዴው ያለው መውደቁ ላይ ነው። ሦስተኛው ሁሉም የሚያውቀው፣ ከሰው ጆሮ ጀርባ ሳንቲም ማውጣት። አራተኛው መዋጥ ነበር።

"ከሁሉም የሚቀለው ይሄ ነው" አለ። "የሠለጠነ ጣት አይፈልግም። እጁን አፉ ላይ ያደርጋል፣ ጉሮሮውን ያንቀሳቅሳል። ሰው ሁሉ የሚያየው ጉሮሮውን ነው፣ ሳንቲሙ ግን እዚያው እጁ ውስጥ ነው። ሎሬል፣ ሳንቲም ምንጊዜም እጅ ውስጥ ነው።" ይህችን ነገር በየምግቡ ላይ ይላታል።

"ኦርቪል፣ እዚህ ቤት ሌላም ልጅ አለች።"

ቲሊ አራት ዓመቷ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ገብታ የአያቷን የጫማ ማሰሪያ እየፈታች ነበር።

"ብትኖርስ?"

"ያየችውን ሁሉ ታደርጋላ! ባለፈው ሳምንት የውሻውን ምግብ በልታለች፣ ለምን ብላት ውሻው ስለበላ አለችኝ።"

ከት ብሎ ሳቀ። "ይቺ የኔ ዘር ናት!"

"አይሳቁ። አራተኛው አይሆንም፣ ሦስቱን ያስተምሩት። እሱንም በትልቁ ሳንቲም፣ አፏ በማይችለው።" ግማሽ ዶላሯን ወደሱ ገፋሁለት።

"ለልጅ እጅ ይቺ ትበዛለች፣ የሚመጥነው ሩብ ዶላር ነው። ሳንቲሙ ለእጁ ካልመጠነ ልጁ ይሸማቀቃል።"

"ይሸማቀቅ።"

"እሺ እመቤቴ፣ እንዳልሽ" አለና ሳንቲሞቹን ሰበሰበ። እሺ ሲል ግን የሚያየው መስኮቱን ነበር። ያን ጊዜ አንገቱን ይዤ ወደኔ ባዞረው ኖሮ እላለሁ፤ በየቀኑ እላለሁ።

በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ይለማመዱ ጀመር። ዌስሊ ልቡ እስኪጠፋ ወደደው። ትልቁ ሳንቲም ከእጁ እያመለጠ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ቲሊ እየተሯሯጠች ታመጣለት ነበር። ክርኑ ላይ ያሸው ሳንቲም ሲጠፋ ትመጣና የወንድሟን ክርን አገላብጣ ታያለች፣ በጣቷ ትጫናለች።

"እንዴት አደረግከው?"

"አልነግርሽም።"

"ለእማዬስ?"

"ለእማዬም አልነግራትም።"

ወለሉ ላይ ተንከባለለች፣ ጮኸች፣ እግሩን ነከሰችው። ዌስሊ ግን ትንፍሽ አላለም። ኦርቪል ደስ ብሎት የሚሆነውን አጣ፤ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ "ወንድ ማለት እንዲህ ነው! ለእህቱም ቢሆን፣ ለእናቱም ቢሆን!" እያለ አጎረሰው። ኦርቪል ባለበት የምትሃተኞች ማኅበር ዘንድ ከምትሃት ስርቆት ይልቅ ምስጢር ማውጣት ይከፋል። የሚያውቅ ለማያውቅ አይናገርም፤ አለቀ። ዴል እንኳ ከተወው ሃያ ዓመት ሆኖት የአባቱን አንዲት ዘዴ ነግሮኝ አያውቅም።

ማታ ቲሊን ሳስተኛት "የኔ እመቤት፣ የውሸት ነው እኮ፣ ጨዋታ ነው" አልኳት።

"የውሸት አይደለም" አለችኝ ተቆጥታ። "በዓይኔ አይቻለሁ።"

የማኅበሩ ዓመታዊ ሽርሽር ነሐሴ ውስጥ በቤተ ክርስቲያኑ ሣር ላይ ነበር። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች መጥተዋል፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። የተጠበሰ በቆሎ፣ የድንች ሰላጣ፣ ሦስት ዓይነት ፓይ፣ ፍራፍሬ ያለበት ኬክ። ምሳ ሲያልቅ የልጆች ተራ ይሆናል። ልጅ ወጥቶ አንዲት ምትሃት ይሠራል፤ ካጨበጨቡለት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አባል ነው፣ ስሙን ጠርተው እጁን ይጨብጡታል። በኛ ከተማ ከጥምቀት የማይተናነስ ነገር ነው።

ዌስሊ ሦስቱን ሠራ። አንዴም አልጣለ። አጨበጨቡለት፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋርላንድ መጥቶ እጁን ጨበጠው፣ እኔም እንባዬ መጣ። ልጄ ግን አልተቀመጠም። ወደ አያቱ አየ፤ አያቱ ጠቀሰው። ከኪሱ ሩብ ዶላር አወጣ።

የከለከልኩት አራተኛው ነበር። ልጁ እጁን ወደ አፉ ወሰደ፣ ጉሮሮውን አንቀሳቀሰ፣ አፉን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አሳየ፣ ከዚያ ሳንቲሙን ከገዛ ጆሮው ጀርባ አወጣው። ምንም እንከን የለውም። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። እኔ ኋላ ጠረጴዛ ላይ ፓይ እየቆረጥኩ ነበር፤ ቢላዬን እንደያዝኩ ኦርቪልን ከሩቅ ገላመጥኩት። "ቆይ፣ ቤት እንገናኝ" አልኩ በሆዴ። በልጄ ትርኢት መሀል መጮህ አልፈለግሁም።

"እኔም! እኔም!" አለች ቲሊ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዌስሊ ፊት ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሩብ ዶላር ነበር፤ ማንም ሳይደርስባት አነሳችው፣ አፏ ውስጥ ከተተችው፣ ወንድሟ እንዳደረገው አንገቷን ቀና አድርጋ ዋጠችው። ከዚያ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። መዳፏን አሳየች፣ ጀርባውን አሳየች፣ ጣቶቿን ፈልቅቃ በመሀላቸው ምንም እንደሌለ አሳየች።

"እጅ ማለት ይሄ ነው!" ብሎ ጮኸ አንድ ሽማግሌ። "እንዲህ የጸዳ እጅ አይቼ አላውቅም!"

ቲሊ በጣቷ ጆሮዋን አመለከተች። ከዚያ ይወጣል ብላ ነው። ዌስሊ እህቱ እንዳታፍር አዘነላት መሰለኝ፣ ጠጋ አለና የራሱን ሳንቲም ከጆሮዋ ጀርባ አወጣላት። ጭብጨባው ቀለጠ። በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ሳንቲም ሊኖር እንደሚችል ከነዚህ ሰዎች በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ሳንቲሙ ሲወጣ አዩ፣ አመኑ።

ቲሊ አንገቷን በሁለት እጇ ያዘች።

"ተዋናይት!" አለ አንዱ፣ የበለጠ ሳቁ።

እኔ ያየሁት አፏን ነው። አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም። ያቺ ልጅ ድምፅ አልባ ሆና አታውቅም፣ ተኝታ እንኳ ታወራለች። ሮጥኩ። ጋርላንድ ክንዴን ያዘኝ። በነሱ ዘንድ ትርኢት ላይ ያለን ሰው አያቋርጡም፤ ቢሳሳትም ሳንቲሙ ቢወድቅበትም እስኪጨርስ ይጠበቃል።

"ሎሬል፣ አታቋርጫት" አለኝ በሹክሹክታ። "ልትጨርስ ነው።"

ገፍትሬው አለፍኩ። ኦርቪል ቀድሞኝ ደርሷል። ፊቷ ተንበርክኮ እጇን ይዟል፤ ትንንሽ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየፈለቀቀ፣ ፈገግ እንዳለ፣ "የት ደበቅሻት? እስቲ ለአባባ አሳዪው" ይላታል። የግራ እጇን ከፈተ፣ ባዶ ነው። የቀኙን ከፈተ። እንደገና ወደ ግራው ተመለሰ። እጅጌዋን አገላበጠ።

"ጉሮሮዋ ውስጥ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "አንተ ሰውዬ፣ እጇን ልቀቅ! ጉሮሮዋ ውስጥ ነው!"

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ዴል ልጁን ነጥቆ አነሳት፣ ገልብጦ ጀርባዋን መታ፣ ሆዷን ከሥር ወደ ላይ ገፋ፣ ደግሞ መታ። አንዲት ሴት ስልክ ደወለች። አምቡላንስ የሚመጣው ከጎረቤት ከተማ ነው። ከንፈሯ መጀመሪያ ወይን ጠጅ፣ ኋላ አመድ መሰለ። ሲደርሱ ረጅም መቆንጠጫ አስገብተው ሳንቲሙን አወጡት፤ ልጄ ግን ሄዳ ነበር። የጠረጴዛ ልብስ ላይ፣ ከፓይ ፍርፋሪ ጋር፣ ልጄ ሞተች።

ዌስሊ ሁለት ቀን አልበላም። በሦስተኛው ማለዳ በረንዳው ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና እጁን ጭኔ ላይ ዘረጋ። መዳፉ ውስጥ ሳንቲም ነበር።

"እማዬ፣ ልንገርሽ። አልውጠውም። እዚህ ነው ያለው። ሁልጊዜም እዚህ ነበር።" መዳፉን ጨበጠ። "ለቲሊ ብነግራት ኖሮ አትውጠውም ነበር አይደል?"

"አንተ እንዳትናገር ያደረገህ ትልቅ ሰው ነው" አልኩት። "ሸክሙ የሱ ነው እንጂ ያንተ አይደለም።" ደጋግሜ ነገርኩት። ማመኑን አላውቅም።

የቀብሩ ዕለት የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፤ በጭብጨባ የደመቁት እነዚያው እጆች ኮፍያ ይዘው ቆመዋል። ምትሃተኛ ሲሞት ትርኢት ሲያሳይ ይይዘው የነበረውን ዘንግ መቃብሩ ላይ ይሰብሩለታል፣ ከዚያ በኋላ ኃይሉ የለም ማለት ነው። ቄሱ ሲጨርስ ኦርቪል ወደ ፊት ወጣ። በአንድ ሳምንት ሌላ ሰው ሆኗል፤ ልብሱ ላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኮቱ ውስጥ ለልጅ እጅ ተለክታ የተሠራች አጭር ጥቁር ዘንግ አወጣ።

"እንዳትነካት" አልኩት። "ልጄ ምትሃተኛ አልነበረችም። ያሳያችኋትን ያመነች ሕፃን ናት። ያንተን ዱላ ይዘህ ከዚህ ጥፋልኝ።"

ዴል ትከሻዬን ያዘኝ። ኦርቪል ሊመለስ ዞር ሲል ዌስሊ እጄን ጎተተኝ።

"አባል ናት እማዬ" አለ። "በሁሉም ፊት ሠርታለች። አጨብጭበውላታል።"

ከቆሙት አንዱ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ልጄ እህቱ የሆነ ነገር ሆና እንድትሄድ ፈለገ። እሺ አልኩት።

ኦርቪል ዘንጓን በሁለት እጁ ይዞ ሊሰብራት ሞከረ። እንደ እርሳስ የቀጠነች ነገር እምቢ አለችው። ደግሞ ሞከረ። ተቀበልኩትና ጉልበቴ ላይ ሰበርኳት፤ ሁለቱን ስባሪ ሣጥኗ ላይ አስቀመጥኩ።

ያኔ ዌስሊ ሄዶ አያቱ ፊት ቆመ።

"አባባ፣ እጅህን ክፈት።"

ኦርቪል ቀኝ እጁን ከፈተ።

"ሌላኛውንም።"

ከፈተ። ልጁ ተጠግቶ መዳፎቹን አየ፣ አገላብጦ ጀርባቸውን አየ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቀ። ከዚያ እጅጌዎቹን ሰብስቦ እስከ ክርኑ ፈተሸ። አያቱ ያለውን ሁሉ ያምን የነበረ ልጅ ነው፤ የምትሃቱን የመጨረሻ ክፍል፣ የጠፋው የሚመለስበትን፣ እስከዚያች ደቂቃ ይጠብቅ ነበር።

"እውነት ምንም የለም?"

"የለም ልጄ" አለ ኦርቪል። "ምንም የለም።"

ዌስሊ የአያቱን እጅጌ መልሶ ወደ ታች አወረደለት፣ ቁልፉን ቆለፈለት፣ ወደኔ መጣ። ሰዎቹ ሣጥኑን ማውረድ ጀመሩ።